ጠንከር ያለውን ስጠኝ

ዛሬ ጅማ ሂርማታ ገበያ አንድ አባት ከማንበቢያ መነጽር ሻጭ ልጅ ፊት ቆመዋል። «ጠንከር ያለውን ስጠኝ ልጄ።» +3.00 ሰጣቸው። አጥልቀው የመድኃኒት ወረቀታቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

ያቺ ማስጠጋት ሁሉን ትናገራለች። ሩቁን ያለ መነጽር አጥርቶ ለሚያይ ዓይን የ3 ዳዮፕተር (የመነጽሩ ቁጥር፣ የሌንስ ጉልበት መለኪያ) ሌንስ ጥራቱን 33 ሴንቲ ሜትር ላይ ይገድበዋል፤ 1 ሜትርን ለ3 ማካፈል ነው። ከዚያ የራቀ ይደበዝዛል።

ብርሃንን በዋናነት የሚሰብረው ከዓይን ፊት ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ኮርኒያ ነው፣ ወደ 43 ዳዮፕተር። ውስጠኛው ሌንስ ደግሞ ቅርብ ስናይ ይወፍራል። ዕድሜ 40ዎቹ ሲገባ እየደደረ መወፈር ያቅተዋል፤ መነጽሩ የሚሞላው ይህችን ጉድለት ብቻ ነው። በ45 ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ከ+1.00 እስከ +1.50 ይበቃል፤ በ60ዎቹ +2.50 አካባቢ።

ስትመርጡ ወረቀቱን 40 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ ያዙ። ከትንሹ ቁጥር ጀምሩ፤ ደቃቁ ጽሑፍ እንደጠራ እዚያው ቁሙ። ቁጥሩ ቢበዛ ዓይን አያጠፋም፣ ግን አንገት ያስደፋል፣ ራስ ያሳምማል።

የሁለቱ ዓይኖች ቁጥር ከተለያየ ወይም አስቲግማቲዝም (የኮርኒያ ወይም የሌንስ ቅርጽ መዛባት) ካለ የገበያው አይሆንም፤ የሁለቱም መስታወት ቁጥር እኩል ነውና፣ መዛባቱንም አያርምም። የዓይን ግፊትንም ሻጩ አይለካም። ብዙ ጊዜ ከዚህ ግፊት ጋር የሚያያዘው የዓይን ነርቭ ሕመም ግላኮማ ደግሞ ማንበብ ሳይከለክል እይታን ከዳር እየበላ ነው የሚመጣው።