ሦስተኛውና ሰባተኛው አጀንዳ

የከተማ ምክር ቤት ሲሰበሰብ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ ባለሙያዎች አሉ። ካልተጠየቁ አይናገሩም። የመንገድ መሐንዲስ ሆኜ ሥራ ስጀምር እኔም እዚያ ነበርኩ።

የዚያን ቀን ሦስተኛው አጀንዳ የእኔ ነው። አንድ የመኖሪያ ሰፈር መንገድ አስፋልት እንዲለብስ በጀት ይጽደቅልን የሚል። ነዋሪው ለዓመታት ደጅ የጠናበት ጉዳይ ነው። መንገዱ ዳር ቆሜ መኪና የቆጠርኩት ራሴ ነኝ። የቤት መኪና፣ ሚኒባስ፣ አልፎ አልፎ አሸዋ የጫነ ትንሽ መኪና። የንጣፉን ውፍረት የወሰንኩትም በዚሁ ቆጠራ ነው። ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ አጸደቀው። ሊሰሙ የመጡት የሰፈሩ ሰዎች አጨበጨቡ።

ሰባተኛው አጀንዳ የመሬት አጠቃቀም ፈቃድ ነበር። ለመኖሪያ የተያዘ ቦታ ወደ መጋዘን ይቀየር ይላል። ፕላኑ ግድግዳው ላይ ሲታይ የመጋዘኑን በር አየሁት። የሚከፈተው በዚያው መንገድ ላይ ነው።

ክው አልኩ። መጋዘን ማለት ከባድ መኪና ማለት ነው። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ ኢሊኖይ ግዛት፣ ለሙከራ በተሠሩ መንገዶች ላይ የጭነት መኪኖች ሌት ተቀን ሲመላለሱ ቆይተው ነበር። ከዚያ የተገኘውን ስሌት ማንኛውም የመንገድ መሐንዲስ ያውቀዋል። በአንድ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎችን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን፣ መንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጥፍ አይሆንም። ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። የእኔ ንጣፍ ደግሞ ለቤት መኪና የታሰበ ነው።

እጄን ላወጣ አልኩና ተውኩት። የፈቃዱ ፋይል የሌላ ክፍል ነው። መሽቷል፣ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን ያያሉ። አለቃዬ ሳይጠየቁ መናገር አይወዱም። ፈቃዱ ወዲያው አለፈ።

አስፋልቱ አለቀ። ልጆች ብስክሌት ነዱበት። ብዙም ሳይቆይ የመጋዘኑን የውሃ መስመር ለመቅበር አዲሱ አስፋልት ከዳር እስከ ዳር ተቆረጠ። ቧንቧው ቀድሞ ቢገባ ኖሮ ያ ቁስል ባልኖረ ነበር። ከዚያ ከባድ መኪኖቹ መጡ።

በሁለተኛው ክረምት ላይ ሄጄ አየሁት። መሬቱ እንደ አዞ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። አንድ የጭነት መኪና ሲያልፍ ከየስንጥቁ ቡናማ ውሃ ፊጭ ፊጭ ይላል። ከሥር ያለው አፈር በውሃ እየታጠበ መውጣት ጀምሯል ማለት ነው። ቁጭ ብዬ አንዷን ቁራጭ በጣቴ ነካሁ፤ ተነሥታ መጣች።

«ልጄ፣ እንደገና ልትሠሩት ነው?» አሉኝ አንዲት እናት ከበራቸው ላይ ሆነው። በስብሰባው ቀን ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲያጨበጭቡ አስታውሳቸዋለሁ።

«እናስባለን፣ እማማ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ የሌላ ሰፈር ተራ ነው። እውነትም የሌላው ሰፈር አንድ ዓመት ተገፋ። እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

መጋዘኑ መከልከል ነበረበት አልልም። ከተማ መጋዘን ያስፈልጋታል። ግን ፈቃድ ከነቅድመ ሁኔታው መስጠት ይቻላል። በሩ ወደ ዋናው መንገድ ይዙር፣ ቧንቧው ከአስፋልቱ በፊት ይቀበር፣ ንጣፉ ይወፍር፣ የሚጨምረውን ወጪ ባለፈቃዱ ይጋራ። ይህን ሁሉ ለመክፈት ያን ማታ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አፌ ላይ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ባለ ዋዜማ የፈቃድ ክፍሉ ቢሮ እሄዳለሁ። ፋይሎቹን ተቀብዬ አንድ በአንድ ከመንገዶቹ ካርታ ጋር አስተያያለሁ። መጀመሪያ ላይ «ምን አገባህ?» ያለኝ ነበር። አሁን ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ይጠብቁኛል።

በቅርቡ አንድ የፈቃድ አጀንዳ ላይ ድምፅ ሊሰጥ ሲል ሰብሳቢው ብዕራቸውን አስቀመጡና ወደ ኋላ ወንበር ዞሩ።

«መንገድ ክፍል፣ ይሄ በር የሚከፈተው የት ላይ ነው?»

ካርታውን ይዤ ተነሣሁ።