ፖይንት ኮንሴፕሽንን በሌሊት መዞር

የካሊፎርኒያ ጠረፍ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲወርድ ቆይቶ ከሳንታ ባርባራ ከተማ በስተምዕራብ፣ ፖይንት ኮንሴፕሽን በተባለው ርእሰ ምድር (ወደ ባሕር የገባ የየብስ ጫፍ) ላይ ሲደርስ በድንገት ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። በሞቃቱ ወራት በውቅያኖሱ ላይ ያለው ከፍተኛ የአየር ግፊትና በየብሱ ላይ ሙቀት የሚፈጥረው ዝቅተኛ ግፊት ከሰሜን ምዕራብ ብርቱ ነፋስ ያስነሣሉ፤ ነፋሱም ተራሮቹን ታክኮ መጥቶ መታጠፊያው ላይ ይፈጥናል፤ ከሰፊው ፓስፊክ ያለ ከልካይ የሚመጣው ማዕበልም እዚያው ይጠብቀዋል። መርከበኞች ስፍራውን፣ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ባለው በማዕበሉ በታወቀው ኬፕ ሆርን መስለው፣ «የፓስፊክ ኬፕ ሆርን» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ብዙዎች በሌሊት ወይም በማለዳ ያልፉታል። እኔና የጀልባዋ ባለቤት የሆነው ወዳጄም ከስፍራው በስተሰሜን ካለው የፖርት ሳን ሉዊስ ወደብ አመሻሽ ላይ ተነሣን። ሆኖም ነፋሱ በዚያች ሌሊት አልደከመም። ዋናውን ሸራ አጥፈን ስፋቱን ቀነስን፤ ራሳችንንም በደኅንነት ገመድ ከጀልባዋ ጋር አሰርን። ከኋላ የሚመጣ ማዕበል የጀልባዋን ኋላ አንሥቶ ወደ ጎን ሊያዞራት ይታገላል፤ መሪ የያዘው ሰው መዞር ሳትጀምር ካልመለሳት ጎኗን ለማዕበሉ ትሰጣለች። ከነዳጅ ማውጫ መድረኮቹ መብራት በቀር የሚታይ ነገር ስላልነበረ፣ የማዕበሉን መምጣት ያወቅሁት በድምፁና ከእግሬ በታች ወለሉ ከፍ ሲል በሚሰማኝ ስሜት ነበር።

በእኛ አቆጣጠር መቶ ስድስተኛው የዳዊት መዝሙር፣ በመርከብ ወደ ባሕር የሚወርዱ ሰዎች የእግዚአብሔርን ድንቅ ሥራ በጥልቁ እንደሚያዩ፣ እንደ ሰካራምም እንደሚንገዳገዱ፣ ጥበባቸውም ሁሉ እንደሚጠፋ ይናገራል። የደጋ ልጅ ስለሆንሁ ይህን ስደግም ምሳሌያዊ አነጋገር ይመስለኝ ነበር፤ መሪውን በያዝሁበት ሰዓት ግን አንዲትም ቃል ያልተጋነነች ሆና አገኘኋት። ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ፣ ዐውሎ ነፋሱን ያስነሣው ራሱ የእግዚአብሔር ቃል እንደሆነ መዝሙሩ መናገሩ ነው። ማዕበሉን እንደ ጠላት ቆጥሬ «አቁምልኝ» እያልሁ ስጸልይ የቆየሁት ሰው፣ ከዚያ በኋላ የምለምነው የሚቀጥለውን ማዕበል በጊዜ የምሰማበት ንቃት እንዲሰጠኝ ብቻ ሆነ። ይህ ልመና ከፊተኛው ያነሰ አይመስለኝም። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ነገር ግን ከድንጋጤ ወደ አክብሮት ተለወጠ።

ከዚህ ስፍራ ጥቂት ወደ ሰሜን፣ ሆንዳ በተባለው ቋጥኛማ ጠረፍ፣ መስከረም 8 ቀን 1923 እ.ኤ.አ. «አጥፊ» የሚባሉ ሰባት የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መርከቦች በሌሊትና በጭጋግ ተከታትለው ከዐለት ጋር ተላትመው 23 መርከበኞች ሞቱ። የመሪዋ መርከብ መኮንኖች ያሉበትን ቦታ በፍጥነታቸውና በአቅጣጫቸው ገምተው ነበር፤ በየብስ ያለው የሬዲዮ ጣቢያ የሰጣቸው አቅጣጫ ከግምታቸው ጋር ባይስማማም ግምታቸውን አመኑ። የባሕር ልምድ የነበራቸው ሰዎች ናቸውና ታሪካቸውን ያለ ሐዘን ላነበው አልችልም።

የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆነው የቹማሽ ሕዝብ ደግሞ ፖይንት ኮንሴፕሽንን ሁምቃቅ ይለዋል፤ በእምነታቸው የሙታን ነፍሳት ወደ ወዲያኛው ዓለም የሚሻገሩበት የምዕራብ ደጅ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. የተፈጥሮ ጋዝ ወደብ ሊሠራበት ሲታሰብ በስፍራው ሰፍረው ተቃወሙ፤ ወደቡም አልተሠራም። በ2024 እ.ኤ.አ. በዙሪያው ያለው ባሕር በስማቸው የተሰየመ ብሔራዊ የባሕር ጥብቅ ስፍራ ሆነ፤ ይህም የሚገባ ክብር ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ነፍሱን አደራ የሚሰጥበትን ውኃ እንደ ማንኛውም መንገድ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

ከርእሰ ምድሩ በስተጀርባ፣ ነፋሱ በማይበረታበት ኮሆ በተባለው መጠለያ መልሕቅ ስንጥል ነግቶ ነበር። ከወዳጄ ጋር ዳዊታችንን ደገምን፤ ለ23ቱ መርከበኞችና በዚያ ደጅ ለተሻገሩት ሁሉ ነፍስ ይማር አልን።