ደሴ ላይ ነፃ የጃዝ ኮንሰርት እንዴት አዘጋጀን

ኮንሰርቱ በነፃ ነው ስንል መጀመሪያ የገጠመን ጥያቄ «ከጀርባው ማን አለ?» የሚል ነበር። ፓርቲ ነው? ሰባኪ ነው? ወይስ ከገባን በኋላ መዋጮ ልትጠይቁን ነው? ሰው አይፈረድበትም። ነፃም ቢሆን ቁጥር ያለው ቲኬት አሳተምንና ፒያሳ፣ ሸዋ በርና ሆጤ ባሉ ሻይ ቤቶች አስቀመጥን። ቲኬት የያዘ ሰው ወንበር እንደሚጠብቀው ያውቃል፣ ይመጣል።

ቀን መምረጡ የባሰ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የሰየመው ዓለም አቀፉ የጃዝ ቀን ሚያዝያ 22 ላይ ይውላል። በዚያ ቀን ብናደርገው ደስ ባለን። ግን ሚያዝያ በወሎ የበልግ ዝናብ ነው፤ ውጭ መድረክ ተክሎ ሰማይ ሰማይ ማየት ይሆናል። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው፤ ሳውንድ ሲስተም የሚያከራየው ሁሉ ተይዟል። ዐቢይ ጾምና ረመዳን አይታሰቡም። ስንቀንስ ስንቀንስ ኅዳር መጀመሪያ ቀረን። ክረምቱ ወጥቷል፣ የነቢያት ጾም ገና አልገባም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ከአስር ሶላት በኋላ ጀምሮ ከመግሪብ በፊት መጨረስ። ይህ ለኮምቦልቻ ሰዎችም ተመቸ፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህሉን ቁልቁለት በጊዜ ወረዱት።

እንግዶቹ ከኬንያ፣ ከጣሊያንና ከስዊድን ነበሩ። የእኛዎቹ ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት። ብዙ አዘጋጅ እንግዳውን ለብቻ፣ የአገሩን ለብቻ ያጫውትና መጨረሻ ላይ ሁሉንም ሰብስቦ ፎቶ ያነሳል። እኔ ይሄ አይጥመኝም። ስለዚህ ከበጀቱ ትልቁን ድርሻ ለባነር ሳይሆን ለልምምድ አዋልነው።

ልምምዱን ባቲ በሚባለው ቅኝት፣ ማለትም ዜማ በሚሠራበት የድምፆች ስብስብ፣ ጀመርን። አንደኛው የባቲ ዓይነት የብሉዝ ተጫዋች ቀን ከሌት የሚሠራባቸው 5 ድምፆች ናቸው። ኬንያዊው ቤዝ ተጫዋች ማንም ሳይነግረው ገባበት። አምባሰል የሚባለው ቅኝት ላይ ግን ተያዝን። አምባሰል ከመነሻው ግማሽ ድምፅ ብቻ ይወጣና ወደ አራተኛው ይዘላል፤ ሦስተኛ ድምፅ የለውም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ልጅ የለመደውን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሲይዝ ያንኑ የሌለውን ድምፅ ይጨምርበታል። በቃ፣ አምባሰልነቱ ጠፋ። ማሲንቆ የሚጫወቱት አባት ኖታ አያነቡም፣ ጆሯቸው ግን ወዲያው ያዘው። «ልጄ፣ እቺን ጣት አንሳልኝ» አሉት፤ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ልጁ መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ ይዞ ቆመ። ፊቱ ላይ ጭንቀት ሲያዩ «አብሽር፣ ትለምደዋለህ» አሉት። ሳክስፎኑ ከላይ ሲገባ ሁሉም ነገር ቦታውን ያዘ። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የለፋው ለዚሁ ነው፤ ባለ 5 ድምፁን ቅኝት ከጃዙ 12 ድምፅ ጋር ማስማማት፣ ቅኝቱን ሳይገድሉ። አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት ለሌላ ጊዜ አቆየነው፤ በአጭር ልምምድ የሚደፈር አይደለም።

ለሚሞክር ሰው ጥቂት ነገር ልንገር። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። የሚነፋ መሣሪያ የሚጫወት እንግዳ ቀደም ብሎ ይምጣ፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሳክስፎን ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል። ዋሽንት ደግሞ አይቃኝም፤ ተጫዋቹ ቁመታቸው የተለያየ ዋሽንቶች ይዞ ነው የሚዞረው። ስለዚህ መጀመሪያ ዋሽንቱ ይመረጥ፣ ሳክስፎኑ ተነፍቶ ይሙቅ፣ ክራርና ማሲንቆ በመጨረሻ ይቃኙ። ጀነሬተሩን ከመድረኩ አርቁት፤ ጩኸቱ ማይክ ውስጥ ይገባል።

ገንዘቡስ? ሆቴሎች ክፍል ሰጡን፣ ነጋዴዎች ነዳጁንና የወንበር ኪራዩን ቻሉ። ስማቸው ከመድረክ ተጠርቶ ተመሰገኑ፤ እኛ ዘንድ ይሄ ከባነር ይበልጣል። ክፍያ ላይ ግን ተከራከርን። አንዳንዱ «የእኛዎቹ እዚሁ ናቸው፣ አበል ይበቃቸዋል» አለ። አልተስማማሁም። እንግዶቹ ልምምዱን በሙሉ ሲማሩ የዋሉት ከማሲንቆ ተጫዋቹ ነው፤ ታዲያ በምን ሒሳብ ነው እሳቸው የሚያንሱት? ለሁሉም እኩል ከፈልን፣ በአንድ ወረቀት ላይ አስፈርመን።