በጎን ለሚተኙ የሲፓፕ ጭንብል

ሲፓፕ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ለሚቋረጥባቸው ሰዎች በጭንብል በኩል አየር የሚገፋ መሣሪያ ነው። ዛሬ ድሬዳዋ ማታም አልቀዘቀዘም። በእንዲህ ያለ ሙቀት ላብና የፊት ወዝ ሲሊኮኑን (ፊት ላይ የሚያርፈውን የጭንብሉን ለስላሳ ክፍል) ያንሸራትቱታል፤ አየር ያፈሳል። ከመተኛታችሁ በፊት ፊታችሁን ታጠቡ፣ ቅባት አትቀቡ። ሲሊኮኑንም በየቀኑ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት።

በጎን ለሚተኛ ሰው አፍንጫ ሥር ብቻ የሚያርፈው፣ ቱቦው በአናት በኩል የሚወጣው ትንሹ ጭንብል ይሻላል፤ ትራሱ የሚገፋው ነገር ያንሳል። አፉን ከፍቶ የሚተኛ ግን አፍም የሚሸፍነውን ይሞክር።

ማሰሪያውን ቁጭ ብላችሁ አትለኩ! መሣሪያውን አብሩ፣ በጎናችሁ ተኙ፣ ከዚያ ግራና ቀኙን እኩል አስተካክሉ። ካፈሰሰ ጭንብሉን ከፊታችሁ ሳብ አድርጋችሁ መልሱት። ከልክ በላይ ማጥበቅ ሲሊኮኑን ያጨማድደዋል፤ ይብስ ያፈሳል፣ ቆዳም ያቆስላል። ጭንብሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ግን የምታስወጡት ትንፋሽ መውጫ ናቸው፤ በፍጹም አትድፈኗቸው።