እግረ መንገድህን ፎቶ አንሳልን

ከሐዋሳ ስነሳ 15 ኪሎ የጤፍ ዱቄት፣ 3 ኪሎ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የነጠረ ቅቤና አንድ አደራ ይዤ ነበር። አደራው እህቴንና ባሏን ከላከችው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ነው። «የሚሽን እሁድ እየደረሰ ነው። እግረ መንገድህን ጥሩ ጥሩ ፎቶ አንሳልን» አሉኝ። አንደኛው ጥሩ ማለት ምን እንደሆነ በእጁ አየር ላይ እየሳለ አስረዳኝ። ብዙ ሕዝብ፣ ወደ ላይ የተነሱ እጆች፣ መሀል ላይ የእህቴ ባል መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ሥራዬ ሒሳብ ነው። በፎቶ በኩል እዚህ ግባ የምባል ሰው አይደለሁም።

እቴቴ፣ ባሏና ሁለት ልጆቻቸው ሰሜን ኬንያ ከገቡ ስድስት ዓመታቸው ነው። የሚኖሩት ጋብራ የሚባሉ ግመል አርቢዎች መሀል፣ ከማይኮና ወዲያ፣ ጨልቢ በረሃ ዳር ነው። የመንደሯን ስም አልጠራም። በጣም ትንሽ ናት፣ ማን ምን እንዳለ ወዲያው ይታወቃል። እነሱ የተመረጡበት ምክንያት ቀላል ነው። የእህቴ ባል የያቤሎ ልጅ ነው፣ ጋብራዎችም የሚናገሩት የቦረናን ኦሮምኛ ነው። እቴቴ ግን ስትሄድ ከሰላምታ በቀር አንድ ቃል አታውቅም ነበር።

እስከ ሞያሌ ያለውን ብዙ አላወራም። ዲላ ላይ ቡና፣ ቡሌ ሆራ ላይ ምሳ፣ ያቤሎ አካባቢ ቀይ አፈርና ሰው የሚያህል ኩይሳ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ሞያሌ አደርኩ። በማግስቱ ፓስፖርቴን አስመትቼ ተሻገርኩና የማርሳቢት አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ኬንያ መኪና በግራ ነው የሚሄደው። ይህን ድሮም አውቃለሁ፣ እግሬ ግን አያውቅም። ከፊት ከባድ መኪና በመጣ ቁጥር የሌለ ፍሬን ይረግጣል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት አይተው አይተው «አይዞህ ልጄ፣ ሁሉም በዚያው በኩል ነው የሚሄዱት» አሉኝ። በጥሩ አማርኛ! የት እንደለመዱት ልጠይቃቸው ስል ተኙ።

መንገዱ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዛሬ አስፋልት ሆኗል። ሶሎሎንና ቱርቢን አልፈን ዲዳ ገልገሉ ገባን። ጥቁር ድንጋይ ብቻ፣ ዓይን እስከሚያይበት። ዛፍ የለም፣ ጥላ የለም። ይህ ምድረ በዳ መቼ ያልቃል እያልኩ ሳለ ፊት ለፊት ተራራ ብቅ አለ። አናቱ ላይ ደመና ተቀምጧል። ከደመናው ሥር ጫካ። ማርሳቢት ማለት ይኸው ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት ላብ ሲያጠምቀኝ ነበር፣ መናኸሪያው ላይ ስወርድ ሹራብ ፈለግሁ።

የእህቴ ባል ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ከስቷል። ተቃቅፈን ስናበቃ ለበዓል ዶሮ እንግዛ ብሎ ገበያ ወሰደኝ። ዶሮ ተራ ሳንደርስ አንዲት የቡርጂ ሴት ጆንያ ከፍታ ተቀምጣለች። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጤፍ ነው። ቀይ ጤፍ!

«እዚህ ጤፍ አለ እንዴ?»

«ቡርጂዎች ይዘሩታል» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ሁለት ኬላ አሳልፌ፣ ትከሻዬ እስኪላጥ የተሸከምኩት 15 ኪሎ ትዝ አለኝ። ለምን አልነገራችሁኝም ስለው ሳቀ። «እህትህ ናት እንዳትነግረው ያለችኝ። ‹ጤፍ እንዳለ ካወቀ ሰበብ የለውም፣ አይመጣም› አለች።» ዝም አልኩ። እውነቷን ነው። በስድስት ዓመት የሄድኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከማርሳቢት በላንድክሩዘር ቁልቁል ወርደን ወደ ሙቀቱ ተመለስን። እግራቸው የታሰሩ ሁለት ዶሮዎች ጭኔ ላይ ናቸው። መንደሩ ስንደርስ መሽቷል። ነፋሱ ቀንም ሌትም አይቆምም። የእነ እቴቴ ቤት ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት ነው፣ ቆርቆሮው ሌሊቱን ሙሉ ይንኳኳል። ዙሪያውን የጋብራዎቹ ቤቶች አሉ። በእንጨት ቅስት ላይ ምንጣፍና ቆዳ የለበሱ ክብ ቤቶች ናቸው። የሚሠሩትም የሚያፈርሱትም ሴቶቹ ናቸው፣ ሲሰደዱ ግመል ላይ ጭነውት ይሄዳሉ። ማንዳሴ ይሉታል። እኔ ስሙን ስሰማ የሠርግ ዳስ መጣብኝ።

ጠዋት የነቃሁት በሴቶች ድምፅ ነው። ገና 12 ሰዓት አልሞላም። አምስት ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እቴቴ ትልቁን ጥቁር ማንቆርቆሪያ ጥዳለች። ሻዩ በውሃ አይደለም የሚፈላው፣ በግመል ወተት ነው። የወተቱ ዕቃ በጢስ ስለሚታጠን ሻዩ ጢስ ጢስ ይላል። ዝንጅብል ትጨምርበታለች። ከዚያ ስኳር። በማንኪያ አይደለም፣ በጭልፋ! አንዷ የታመመ ልጅ ይዛለች። አንዷ ከባሏ ተጣልታለች። ሌላዋ ምንም የላትም፣ ዝም ብላ ነው የመጣችው። እቴቴ እየቀዳች ትሰማለች። አንዳንዴ እጇን ታማሚው ልጅ ላይ አድርጋ ትጸልያለች፣ በቦረንኛ፣ ሁለት ዐረፍተ ነገር። ሰባኪ የምትመስልበት ጊዜ ያቺ ብቻ ናት።

ስልኬን አወጣሁ። አየችኝ። «መልሰው» አለችኝ። «ሰው ቤቴ ሻይ ሊጠጣ መጥቶ ፎቶ አንስቼ ልልክ? አንተ ቤት እንግዳ ሲመጣ ታነሳለህ?» መለስኩት።

ከሰዓት በኋላ እነ እቴቴ ከሱቅ በዱቤ የሚወስዱበትን ደብተር አየሁት። ሒሳብ ያየ ዓይን አይተኛም። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ስኳር፣ ክብሪት፣ ስኳር። ከሐዋሳ የሚመጣው ድጋፍ አራት ወር ዘግይቷል። በከፊል የምንዛሪ ጣጣ ነው። በከፊል ደግሞ፣ ልናገረው፣ መረሳት ነው። እቴቴ ዳቦ ጋግራ ትሸጣለች። ሪፖርታቸው ላይ ግን ይህ አልተጻፈም።

ሪፖርቱ በየሦስት ወሩ የሚሞላ ቅጽ ነው። የእህቴ ባል ሊሞላው ሲቀመጥ አጠገቡ ነበርኩ። «ወንጌል የሰሙ»፣ «የዳኑ»፣ «የተጠመቁ» የሚሉ ዓምዶች አሉት። «የተጠመቁ» ላይ ሲደርስ ጆሮውን አከከ። ከዚያ 0 ጻፈ። ካለፉት ሁለት ቅጾች ጋር ሦስተኛው 0 ነው።

«ምን ይሉሃል?» አልኩት።

እቴቴ መልሱን ከአፉ ነጠቀችው። እኛ ቤት አንድ ተረክ አለ፣ በቤተ ክርስቲያንም በየዓመቱ ይነገራል። በ1929 ዓ.ም. ጣልያን ሚሲዮናውያኑን ከወላይታ ሲያስወጣ ትተውት የሄዱት 48 የተጠመቁ አማኞች ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 ሰው ጠበቃቸው። «ሰው ሁሌ 10,000ውን ነው የሚያወራው» አለች። «ሶዶ የገቡት በ1920 ነው። ዘጠኝ ዓመት ለ48 ሰው! ያን ጊዜ ማን ቅጽ ይሞላ ነበር?» አያታችን ከዚያ በኋላ ከወላይታ ወደ ጎፋ ከተላኩት ወንጌላውያን አንዱ ነው። ሲሄዱ ሴት አያታችን አራስ ነበረች ይባላል። እቴቴ ስለ አያታችን ብዙ አታወራም። ስለ አራሷ ግን ትጠይቃለች። ማን አረሳት? ገንፎውን ማን ሠራላት?

ልጆቹን ሳላነሳ አላልፍም። ትልቋ 12 ዓመቷ ነው፣ ማርሳቢት አዳሪ ትምህርት ቤት ትማራለች። አማርኛ፣ ቦረንኛ፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ትናገራለች፣ አንዳንዴ በአንድ ዐረፍተ ነገር። ሰዓት የነገረችኝ እሷ ናት። በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደኛ ከንጋት ነው። «ሳ ሞጃ» ማለት አንድ ሰዓት ማለት ነው፣ ጠዋት። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲያወራ ግን ሰባት ይላል። «ስለዚህ አጎቴ፣ መጀመሪያ ቋንቋውን ስማ፣ ከዚያ ሰዓቱን» አለችኝ።

ፊደል መማር ግን አትወድም። ግድግዳው ላይ የፊደል ገበታ አለ፣ ጠርዙን ፍየል በልቶታል። «ከአንተና ከእማዬ ሌላ በዚህ ማን ያነባል?» ትላለች። አባቷ ተነስቶ ከሻንጣ ውስጥ የአያቱን አሮጌ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ አመጣ። የግዕዝ ፊደል ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው መጽሐፍ ቅዱስ በዚሁ ፊደል ነበር። እዚህ የሚሰብክበት የቦረንኛው በላቲን ነው። አንድ መስመር ጮክ ብላ እንድታነብ ሰጣት። እየተንተባተበች አነበበች። ደጅ የተቀመጠችው ጎረቤት ሰምታ ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰችላት። ልጅቷ ገበታውን ቀና ብላ አየችው። ምንም አላለችም። ትንሹ ግን ሰባት ዓመቱ ነው፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለውም። ባለፈው ሐዋሳ ወስደውት ቶሎ ቤታችን እንሂድ ብሎ አስቸግሯቸው ነበር አሉ።

ገናን ሁለት ጊዜ ያከብራሉ። ዲሴምበር 25 ከመንደሩ ጋር፣ ታኅሣሥ 29 ቤት ውስጥ። ዘንድሮ የልጅቷ ትምህርት ቤት ከገና በፊት ይከፈታል። ስለዚህ እቴቴ በዓሉን ወደ ታኅሣሥ 25 አመጣችው። «25 ከ25 ምን ለየው?» አለች። ዶሮ ወጡን ሠራች፣ ባመጣሁት በርበሬና ቅቤ። እንጀራው ግን በቀይ ጤፍ ነው፣ የእኔን ነጭ ጤፍ ለትንሳኤ አስቀመጠችው። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ተጠሩ። ሰሐኑን አዩና በትሕትና ገፋ አደረጉት። ወፍ አይበሉም። እንጀራውን በወተት በሉ፣ እንቁላሉን ግን በጥርጣሬ እያዩ ተቀመጡ። በማግስቱ ልጅቷ ሳጥኗን ይዛ መኪና ላይ ወጣች። እቴቴ እጇን አውለበለበች፣ ወደ ቤት ገባች፣ ማንቆርቆሪያውን ጣደች። ሴቶቹ መጥተው ነበር። ያን ቀን ያወሩት እነሱ አይደሉም። እሷ ናት ያወራችው፣ እነሱ ሰሙ።

እሁድ ጉባኤው ግራር ሥር ነው። 11 አዋቂ ቆጠርኩ፣ ከነቤተሰባችን። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ስድስት ናቸው። ከየወንበሩ አጠገብ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። ለምን እንደሆነ የገባኝ ስብከቱ መሀል ላይ ነው። የጉድጓዱ ፓምፕ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። ውሃ የሚለቀቀው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፣ ወረፋውም ረጅም ነው። የእህቴ ባል ቃሉን ሳይጨርስ «አሜን» አለ። ሁሉም ጀሪካኑን አንስቶ ሄደ። እሱም ሁለት ይዞ ተከተላቸው። እቴቴ ሲመለሱ የሚጠጡትን ሻይ ልትቀዳ ጎንበስ አለች። ያኔ ጀርባዋን አነሳሁት። አላየችኝም።

ሐዋሳ ተመልሼ ፎቶውን ለሽማግሌው አሳየሁት። ግራሩ፣ ባዶ ወንበሮች፣ ማንቆርቆሪያው፣ የእቴቴ ጀርባ። መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ወደ ዓይኑ አቀረበው።

«ሰባኪው የታለ?»

«ውሃ ሊቀዳ ሄዷል።»

በጣቱ ፎቶውን ወደ ጎን ገፋ፣ ቀጥሎ ሌላ ካለ ብሎ። ቀጥሎ ያለው የዱቤ ደብተሩ ፎቶ ነበር። መነጽሩን ሳያወልቅ ከላይ ጀምሮ ማንበብ ጀመረ።