ሁለት ጣቶቼ

ዛሬ እዚህ ሐዋሳ ከፍቅር ሐይቅ ወደ ፒያሳ በሳይክል ስመለስ ጎማዬ ተነፈሰ። ሳይክል ሠሪው ጋ ቆምኩ። "እህቴ፣ እጅሽን ምን ሆነሽ ነው የምታራግፊው?" አለኝ። ትንሿና የቀለበት ጣቴ ደንዝዘው ነበር። ሰሞኑን ሁሌ እንዲህ ያደርገኛል።

የራሱን መዳፍ ዘረጋና ከትንሿ ጣት በታች፣ አንጓው አጠገብ ያለውን ሥጋ ተጫነ። "መሪው የሚጫንሽ እዚህ ነው።" ልክ ነው። ወደ ሁለቱ ጣቶች የሚሄደው ነርቭ በዚያ ያልፋል።

ከመሳቢያው ግማሽ ጣት ያለው ጓንት አወጣልኝ። መዳፉ ላይ ስፖንጅ አለው። ለካሁት። ስፖንጁ ነርቩ ላይ መቀመጥ ሲገባው መሀል መዳፌ ላይ ሄዶ ተጣጠፈ። የወንድ ነዋ!

"ጋሼ፣ የሴት የለም?"

"ጠይቃኝ የምታውቅ የለችም።"

ይሄ ነው ውስጤ የቀረው። ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ናት፤ ትምህርት ቤትም ሥራም በሳይክል የምንሄድ ሴቶች አለን። ሲደነዝዘን እጃችንን አራግፈን እንቀጥላለን። እኔም እስከ ዛሬ ያው ነበርኩ።

የመዳፌን ዙሪያ በክር ለካሁና ክሩን ሰጠሁት። "በዚህ ልክ ሁለት አስመጣልኝ፤ አንዱ ለእህቴ ነው" አልኩት። ክሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።