ሻወሩን ትቶ ባልዲውን

በመሀል አዲስ አበባም ቢሆን ውሃ በፈረቃ ነው። ለሌላው ቤት ጀሪካን የመሙላት ጣጣ ነው፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ላለበት ቤት ግን ነገሩ ይከብዳል። ትናንት በሻወር የታጠበ ልጅ ዛሬ ባልዲ ሲቀርብለት አሻፈረኝ ቢል አይገርምም። ድምፁ ሌላ፣ ውሃው ገላ ላይ የሚያርፍበት መንገድ ሌላ፣ ቅደም ተከተሉም ሌላ ነው። ስለዚህ ውሃ በጠፋ ቀን የሚሠራውን ዘዴ የዘወትር ማድረግ ይሻላል። ቧንቧው መጣም አልመጣ፣ ባልዲ።

ባልዲው ውስጥ መጀመሪያ ቀዝቃዛው፣ ቀጥሎ የፈላው ይገባል። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ትኩስ ነገር ቶሎ አይሰማቸውም፤ ስላላለቀሱ ውሃው ልክ ነው ማለት አይደለም። በራስ ክርን ይለካ፤ 37 ዲግሪ ገደማ፣ ለብ ያለ ይበቃል። ከእግር ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ፀጉር መጨረሻ ነው። ደረቅ ትንሽ ፎጣ ዓይኑ ላይ ራሱ ይያዝ። ከዚያ ጮክ ብሎ መቁጠር፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጆግ፣ አለቀ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አረፋው ስላልጠራ «አንዴ ብቻ» ብሎ አራተኛውን ያፈሳል፤ በሚቀጥለው ቀን ልጁ ቁጥሩን አያምንም። መፍትሔው ሻምፖውን መቀነስ ነው፣ ሦስት ጆግ እንዲያጠራው። ሲደርቅም ፎጣውን ጫን እያደረጉ እንጂ እያሻሹ አይደለም፤ ቀላል ንክኪ ከጠንካራው ይልቅ የሚረብሻቸው ብዙ ናቸው። ጥፍርም ከገላ በኋላ፣ ለስልሶ እያለ ይቆረጣል፤ ዛሬ አንድ እጅ፣ ነገ ሌላው።

ወደ ልብሱ ስንመጣ፣ ልጁ «አልለብስም» ሲል አያቶች «አሞላቃችሁት» ይላሉ። ቅብጠት አይደለም። አንገት ላይ የተሰፋችው ማርክ በእርግጥ ትወጋዋለች። በመቀስ ሲቆርጧት ደግሞ የምትቀረው ጫፍ ይብሳል፤ ስፌቱን በጥንቃቄ መተርተር ነው ያለው። ካልሲ ጣት ላይ ወፍራም ስፌት ካለው ገልብጦ ማልበስ። ዩኒፎርሙ ሻካራ ከሆነ ከሥር የጥጥ ካናቴራ፣ እሱም ተገልብጦ። አዲስ ልብስ ከመለበሱ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠብ፤ ድርቀቱም የሱቅ ሽታውም ይለቃል። በዚህ በኩል ልባሽ ጨርቅ የሚናቅ አይደለም፣ ለስልሶ ነው የሚመጣው። ዱቄት ሳሙናው በደንብ ካልጠራም ያሳክካል። ሁሉም ልቅ ልብስ ይወዳል ማለት ግን አይደለም፤ ጠበብ ያለው የሚያረጋጋቸውም አሉ።

መልበስ ሲያስተምሩ ከመጨረሻው መጀመር ይቀላል። ሱሪውን እስከ ጉልበት አልብሶ የቀረችውን እሱ ይሳብ፤ «ለበስኩ» የሚለውን ስሜት እሱ ያገኛል። ያ ሲጠና ከቁርጭምጭሚት፣ በኋላ ከመሬት። ወገቡ ላስቲክ፣ ጫማው ቬልክሮ ቢሆን አያሳፍርም፤ ቁልፍና ማሰሪያ በኋላ ይደርሳል።

ጥርስ ላይ አንዱ ችግር የጥርስ ሳሙናው ሚንት ነው፣ አፍ ያቃጥላል። ሚንት የሌለው ከተገኘ ጥሩ፤ ካልተገኘ በትንሹ። መጠኑ እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ፣ እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ነው። ሽንት ቤት ደግሞ የሚያስፈራው የፍላሹ ጩኸት ከሆነ፣ ልጁ ወጥቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ይሳብ።

ክረምት ሲገባ ሌላ ጉድ አለ፦ ልብስ አይደርቅም፣ ልጁ ደግሞ ያችኑ አንድ ሹራብ ነው የሚፈልገው። ቀድሞ ሦስት አንድ ዓይነት መግዛት፣ አራተኛውን በአንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ። ትልቁ ሳይለበስም ከትንንሾቹ ጋር አብሮ ይታጠብ፤ ተራው ሲደርስ ቀለሙም ልስላሴውም እንደነሱ ሆኖ ይጠብቃል።